ኬኩን ተዉትና የድሮ ፈተና ሰብስቡ

(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ሴት ተማሪዎች ክበብ ሲከፈት ያደረግኩት ንግግር ነው። ወረቀት ላይ የያዝኩት ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለነበር፣ አንዷ ተማሪ በስልኳ ከቀዳችው ላይ ትንሽ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ። የአነጋገሩን መልክ ብዙ አልነካሁትም።)

ሰላም ናችሁ? ከኋላ ይሰማል? እሺ።

ፖስተሩ ላይ «አነቃቂ ንግግር» ብላችሁ ጽፋችኋል። አየሁት፤ ፎቶዬም አምሯል፣ አመሰግናለሁ። ግን ዛሬ እንደዛ ዓይነት ንግግር አላደርግም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፋችሁ፣ ፍሬሽማንን ተሻግራችሁ፣ ዘመድ ሁሉ «ሕክምና ይሻልሽ ነበር» እያለ ኢንጂነሪንግ የገባችሁ ልጆች ናችሁ። ወኔ ቢጎድላችሁ ኖሮ እዚህ አትቀመጡም። የጎደላችሁ ሌላ ነገር ነው። ክለባችሁም የሚረባው ያንን ከሞላ ብቻ ነው።

ምን መሰላችሁ። ሰኞ ጠዋት የቴርሞዳይናሚክስ ሚድ አለ እንበል። ቅዳሜ ማታ ወንዶች ዶርም አንድ ፋይል ይገባል። ያመጣው የአራተኛ ዓመት ሲኒየር ነው። ለምን ሰጣቸው? ከመካከላቸው አንዱ ያገሩ ልጅ ነው፣ ወይ አብረው ኳስ ይጫወታሉ፣ ወይ ላውንጅ ቁጭ ብለው አብረው አርሴናልን ሲረግሙ ነው የተዋወቁት። ፋይሉ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች አሉ፤ አንዳንዱም መልሱ በእስክሪብቶ ተሠርቶበታል። አስተማሪው ደግሞ ቁጥሩን ይቀይራል እንጂ ጥያቄውን አይቀይርም። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ሁላችሁም ተማሪ ነበራችሁ።

በዚህ ውስጥ ተንኮል የለም። ሴቶቹ እንዳያገኙት ብሎ የደበቀ ሰው የለም። ፋይሉ የሚዞርበት መንገድ ላይ ሴቷ የለችም፣ በቃ። ላይብረሪ ሲዘጋ ወንዶቹ ወደ ዶርም ሄደው እዛው ይቀጥላሉ፤ አንዱ አልጋ ላይ ተንጋሎ፣ አንዱ መሬት ላይ ወርክሺት ዘርግቶ፣ አንዱ የሎከሩን በር ሰሌዳ አድርጎ በቾክ እየጻፈበት። አንዱ ያልገባው ነገር ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይገባዋል፣ ምክንያቱም የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ነው። ሴቷ ወንዶች ዶርም አትገባም። የራሷ ዶርም ውስጥ ያሉት ደግሞ አንዷ አካውንቲንግ፣ አንዷ ሶሲዮሎጂ፣ አንዷ ነርሲንግ ሊሆኑ ይችላሉ። ሜካኒካል ላይ ያሉት ጥቂት ሴቶች በየሕንፃው ተበትነዋል። ሁለቱም እኩል ቸክለው ልጁ ቢ ፕላስ፣ ልጅቷ ሲ ያመጣሉ። ከዛ ምን ይባላል? «ሴቶች ማትስ ይከብዳቸዋል።»

ስለዚህ የክለባችሁ የመጀመሪያ ሥራ የድሮ ፈተና መሰብሰብ ነው። ፓናል አይደለም፣ ቲሸርት አይደለም። በየዲፓርትመንቱ፣ በየኮርሱ፣ በየዓመቱ፤ ሚዱም ፋይናሉም። ሃንድአውቱ፣ የላብ ሪፖርት ናሙናው፣ «የዚህ አስተማሪ ፕሮጀክት ላይ ድሮዊንጉን እንጂ ሪፖርቱን አያይም» የሚለው ወሬ ጭምር። አንድ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። ያኔ ማንም ሴት ፋይል ለማግኘት የማንም ወዳጅ መሆን አይጠበቅባትም። ይሄን ነጥብ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ፍሬሽ ልጅ ሃንድአውት ፍለጋ ሄዳ ምን ዓይነት ውለታ እንደምትጠየቅ እኔ ልንገራችሁ እንዴ?

አንዳንዶቻችሁ «ዋናው ውጤት ነው፣ ውጤት ያላት ትቆያለች» ትላላችሁ። እንደዛ አይደለም። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ላይ ኒላንጃና ዳስጉፕታ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከታራ ዴነሂ ጋር ሆና አንድ ነገር ሞከረች። 150 የመጀመሪያ ዓመት የኢንጂነሪንግ ሴት ተማሪዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ከዛው ዘርፍ ሴት ሲኒየር ሰጡ፤ ለሁለተኛው ወንድ ሲኒየር፤ ለሦስተኛው ማንንም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሴት ሲኒየር ከነበራቸው ውስጥ አንዷም አልለቀቀችም። ማንም ካልተሰጣቸው 11 በመቶ፣ ወንድ ሲኒየር ከተሰጣቸው 18 በመቶ ኢንጂነሪንግን ትተው ሄዱ። ወንዶች አትቀየሙ፤ በየቡድኑ 50 ያህል ሰው ስለሆነ በ11ና በ18 መካከል ያለው ልዩነት ላይ ብዙ አትንጠልጠሉ። የሚገርመው ሌላው ነው። ሲኒየሮቹ የልጆቹን ግሬድ አላሻሻሉም! ግሬዱ በሦስቱም ቡድን ያው ነበር። የለወጡት «እዚህ ቦታዬ ነው» የሚለውን ስሜትና በራስ መተማመንን ነው፤ ሌሎቹ ቡድኖች ውስጥ ይሄ ዓመቱን ሙሉ ሲወርድ፣ እነዚህ ልጆች ጋ ባለበት ቆመ። የሚለቁት ልጆች ትምህርት ያቃታቸው አልነበሩም ማለት ነው።

እኔም የማውቃቸው የለቀቁ ልጆች እንደዛ ናቸው። ከኔ ባች ወደ ማኔጅመንት የተዛወረችው ልጅ ስታቲክስ ላይ ከኔ በላይ ነበረች። ለምን ሄደች ቢባል አንድ ምክንያት አታገኙም። አንድ ኤፍ የለ፣ አንድ ጠብ የለ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ ከኋላ ሳቅ አለ፤ ግሩፕ ሲመደብ የቀረው ሰው ወዳለበት ትጨመራለች፤ ሲደክማት የሚያያት የለም። አንድ ቀን ፎርም ሞላች፣ ተዛወረች። ማንም «የት ሄደች?» አላለም።

የት ሄደች ብሎ መጠየቅ ሁለተኛው ሥራችሁ ነው። ይሄን ሥራ እናንተ አልጀመራችሁትም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1914 አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግና የአርክቴክቸር ሴት ተማሪዎች ቲ-ስኩዌር ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። በ1919 ደግሞ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎው አልታ ሜልተንና ሂልዳ ካውንትስ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ተነሱና በአገሩ ላሉ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ጻፉ። «እናንተ ጋ ሴት ተማሪ አለች? ስሟን ላኩልን።» በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ከኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አንድ ፕሮፌሰር የመለሰላቸውን ልንገራችሁ፦ አሁን ሴት ተማሪ የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም፣ በቅርቡም ይኖረናል ብለን አንጠብቅም አላቸው። ሰውዬው ቢያንስ ቁርጡን ተናግሯል።

ከሌሎች ቦታዎች ግን ስም መጣላቸው። ማኅበር አቋቋሙ፤ ብዙም አልዘለቀ፣ ከሰመ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ከስሟል። ከዛ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ወንዶቹ ሲዘምቱ ፋብሪካው ኢንጂነር አጣ። ከርቲስ ራይት የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ በ1943 በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ከ600 በላይ ሴቶችን በአጭር ኮርስ አሠለጠነ። ሲቸግር ሴት ኢንጂነር ትሆናለች፣ አያችሁ? ጦርነቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ተመለሱ፣ ሴቶቹን «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁኚ» የሚላቸው በዛ። ያኔ ነው ፊላደልፊያ ድሬክስል የሚባለው ኮሌጅ ላይ፣ በሌሎችም ከተሞች ተማሪዎቹና ሠራተኞቹ እንደገና መሰባሰብ የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1950 ስድሳ ምናምን ሴቶች ኒው ጀርሲ ውስጥ ኩፐር ዩኒየን የሚባለው ኮሌጅ ካምፕ ላይ ተገናኝተው የሴት መሐንዲሶች ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ቢያትሪስ ሂክስ ነበረች፣ የጋዝ ጥግግት የሚቆጣጠር ስዊች የሠራችው። ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ፣ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ ቅርንጫፍ አለው።

ይሄን ሁሉ የማወራው አሜሪካን ለማድነቅ አይደለም። ሁለቱ የኮሎራዶ ልጆች ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ቢሮ አልነበራቸውም፤ የያዙት የስም ዝርዝር ነው። እናንተ አላችሁ? ዘንድሮ ኤሌክትሪካል ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንት ሴት አለ? አምና ስንት ነበሩ? የጎደሉት ዊዝድሮው አድርገው ነው፣ ዲፓርትመንት ቀይረው ነው፣ ታመው ነው፣ ወልደው ነው? ዝም አላችሁ። ሬጅስትራርም ብትጠይቁ ቁጥሩን ይሰጣችኋል፣ ምክንያቱን አይሰጣችሁም። አንድ ኤክሴል ክፈቱ። ይሄኛውን ግን ቻናል ላይ እንዳትለቁት፤ ሁለት ሰው ብቻ ይያዘው።

ወደኛ አገር ልምጣ። የምሕንድስና ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሰባ በመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ከተባለ በኋላ ክፍሉ ሞላ፣ ሴቷም በቁጥር ጨመረች። መግቢያ ነጥብም ለሴት ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት አንድ የምትሰሙት ዘፈን አለ፦ «በኮታ ነው የገባችው።» እሱን ስትሰሙ አትከራከሩ፣ ጊዜያችሁን ይበላል። ነጥቡ የሚያገለግለው በሩ ላይ ነው። ከበሩ ወዲህ ካልኩለሱ ያው ነው፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ ያው ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም ወረቀቱ አንድ ነው። ገጠር ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ በኩራዝ አጥንታ የመጣችን ልጅ ለፈተናው ብቻ ሲቀለብ የከረመ ልጅ በጥቂት ነጥብ ቢበልጣት ማን ነው ጎበዙ? እኔ ብሆን ለሥራ የምቀጥረው እሷን ነው።

አሁን ወደምወደው ርዕስ ልግባ። ሰርቬይንግ፣ የመሬት ልኬቱን ኮርስ፣ የወሰዳችሁ እጅ አውጡ። እሺ። ፊልድ ስትወጡ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ግሩፕ ናችሁ፣ መሣሪያው አንድ ነው። ትራይፖዱን የሚተክለው ማን ነው? ወንድ። በሌቨሉ፣ ከፍታ በሚለካው መሣሪያ፣ የሚያየው? ወንድ። ስታፍ፣ ማለትም የመለኪያ ዘንጉን፣ የሚይዘው? ሌላ ወንድ። እናንተስ? ...አዎ፣ ደብተር! ሁሉም ቦታ ያው ነው ማለት ነው። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ መዝግቢ።» ምስጋና ይመስላል። ከሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ፣ ሪፖርቱን ጽፋችሁ፣ ኤ አግኝታችሁ፣ መሣሪያውን ሳትነኩት ኮርሱ ያልቃል።

ሌቨል ማስተካከል በንባብ አይገባም። ሦስት ዊንጮች አሉ። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ አንድ ላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ታዞራላችሁ፤ የአየር አረፋዋ የግራ አውራ ጣታችሁን ተከትላ ትሄዳለች። ከዛ በሦስተኛው ብቻ ወደ መሃል ታመጧታላችሁ። ይኸው ነው። አንዴ በእጁ የሠራ ሰው አይረሳውም፤ ያልሠራ ሰው ግን ሳይት ላይ ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ እስቲ ሌቨል ውሰጂልን» ሲላት እጇ ይንቀጠቀጣል። ፎርማኑም ከዛ ቀን በኋላ ሁለተኛ አይጠይቃትም። አያችሁ ምን እንደተፈጠረ? ያቺ «ደብተር ያዢ» የምትል ትንሽ ቃል አራት ዓመት ተጉዛ ሥራ ላይ ደረሰች።

ስለዚህ ሦስተኛው ሥራ፦ ቅዳሜ ጠዋት ላብ ይከፈት። ዲፓርትመንት ሄዱን አነጋግሩ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የላብ ቴክኒሺያኑን አክብራችሁ ለምኑት፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው ቁልፉን የያዘው፣ በቁልፍም በነገርም። ሌቨሉ ይውጣ፣ ቶታል ስቴሽኑ ይውጣ፣ የኮንክሪት ስላምፕ ሾጣጣው ይውጣ። ኤሌክትሪካሎች ብየዳውን በእጃችሁ ያዙት። ሜካኒካሎች ሌዝ ማሽኑን አስነሱ፤ ፀጉራችሁን ብቻ አስራችሁ፣ ነጠላና ሻሽ አውልቃችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ተበላሸ ቢሉ ይበላሽ። ወንዶቹም ሰብረውት ነው የለመዱት።

የአራተኛ ዓመቶች፣ ኢንተርንሺፕ እየመጣባችሁ ነው። «ሳይት ላይ ሴት የለም» ሲባል ሰምታችኋል። ውሸት ነው። አዲስ አበባ የትኛውም ሕንፃ ግንባታ ሂዱ፣ ሴት ሞልቷል። ባሬላ የተሸከሙት እነማን ናቸው? አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱት፣ ኮንክሪት ላይ ውሃ የሚያጠጡት፣ እዛው ሻይ የሚያፈሉት? ሳይት ለሴት ይከብዳል የሚለው ሰው እነዚህን ሴቶች በየቀኑ እያየ ነው የሚናገረው። ከባዱን ሥራ ሲሆን ሴት ትችላለች፣ ድሮዊንግ መያዝ ሲሆን ነው የሚከብዳት! እኔን ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ዛሬም አናደደኝ፣ ውሃ ልጠጣ።

ለኢንተርንሺፕ የክለቡ ሥራ ቀላል ነው፤ ግን ማንም ሲሠራው አላየሁም። ከየድርጅቱ የተመለሱ ሴት ሲኒየሮች አንድ ገጽ ይጻፉ። ሽንት ቤት አለ? ለሴት የሚሆን፣ የሚቆለፍ? ድሮዊንግ ሰጡሽ ወይስ አራት ወር ፎቶ ኮፒ አስነሱሽ? ሳይት ኢንጂነሩ ያስረዳል? የሚያስቸግር ሰው አለ? ማታ ትራንስፖርት ይገኛል? ሴፍቲ ጫማ በቁጥራችሁ አላቸው? 37 ቁጥር ሴፍቲ ጫማ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ፈልጉ፣ ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ። ይሄ አንድ ገጽ በየዓመቱ ሲጠራቀም ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ-ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ የተሻለ መረጃ ይሆናል።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር፤ ካልተናገርኩት የመጣሁበት ጥቅም የለውም። በየግቢው ግሬድ አንጠልጥሎ ተማሪ ቢሮ የሚጠራ አስተማሪ አለ። ሁሉም አይደለም፤ ጥቂት ነው፣ ግን ጥቂቱን ሁሉም ሴት ታውቀዋለች፣ አስተዳደሩ ብቻ ነው የማያውቀው። ክለቡ ፖሊስ አይደለም፣ ፍርድ ቤትም አይደለም። ሊያደርግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። «ቢሮ ነይ» የተባለች ልጅ ብቻዋን እንዳትሄድ የምትሸኛት ሰው ሁልጊዜ ይኑር፤ አስተማሪው ሲያይ ይቀዘቅዛል። የተባለችውን ቃል በቃል፣ ቀንና ሰዓት ጽፋ ትያዝ፤ ቴክስቱን አታጥፋ። ቅሬታ የሚቀርብበት ደረጃ የቱ ነው፣ ጀንደር ኦፊስ ማን ናት፣ የፈተና ወረቀት በድጋሚ እንዲታይ በምን ፎርም ይጠየቃል፤ ይሄ ከፍሬሽማን የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ይነገር። ሲደርስባት ሳይሆን ሳይደርስባት ትወቀው።

ስለ ማርች 8 ልናገር? ተናግሬ ልገላገል። በየዓመቱ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ባነር፣ አንድ ኬክ፣ ሦስት ግጥም፣ የተመረጡ እንግዶች። በማግስቱ ሰኞ ላብ ውስጥ ያው ደብተር ያዢ ናችሁ። በዓሉ አይከበር አላልኩም፤ ኬክም እወዳለሁ። ግን በጀታችሁ ጥቂት ከሆነ በኬኩ ብር ፈተናዎቹን ፕሪንት አድርጋችሁ ስልክ ለሌላት ልጅ ስጡ።

የመጨረሻው ነገር፣ ክለብ የሚሞትበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። ፕሬዚዳንቷ ጎበዝ ናት፣ ሁሉንም ራሷ ትሠራለች፣ ሰኔ ላይ ጋዎን ለብሳ ትመረቃለች፣ መስከረም ላይ የቴሌግራም ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። ምክትሏ ሁልጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትሁን። ፋይሉ በሰው ስልክ አይቀመጥ። የተመረቁትንም አትልቀቋቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናዲያ ሙሳጂና ሄማ ቫላብ እ.ኤ.አ. በ2006 ኬፕታውን ላይ ተማሪ ሆነው የጀመሩት ዎምኢንጅ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ውጭም የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ተመርቀው ስላልጣሉት ነው።

እኔ ጨርሻለሁ፣ ጥያቄ ካለ።

(ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ አስገብቻለሁ።)

አንድ ወንድ ተማሪ «ክለቡ ውስጥ እኛ መግባት እንችላለን?» አለ።

ትችላላችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ግን አትምጡ፤ ፋይል ይዛችሁ ኑ። [ሳቅ] የምሬን ነው። ደግሞ ነገ ፊልድ ስትወጡ ደብተሩን አንተ ያዝ። ከዚህ በላይ የማስቸግርህ ነገር የለም።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ «እናቴ ሲቪልን ተይው፣ ሳይት ያንከራትትሻል ትለኛለች። ምን ልበላት ኢንጂነር?» ብላ ጠየቀች።

እናትሽ ልክ ናቸው፣ ያንከራትታል። አቧራ አለው፣ ክፍለ ሀገር መመደብ አለው፣ ማታ ኮንክሪት ሙሌት አለው። ዲዛይን ቢሮም አለ፣ ውሃ ሥራም አለ፣ ሁሉም ሲቪል ሳይት አይውልም፤ ይሄን ንገሪያቸው። ሳይቱን ራሱን ግን ሳታዪው አትወስኚ። የኔ ሳይት ከዚህ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የዚህ ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በር ላይ ከተገኛችሁ የአራተኛ ወለል ፌሮ ሲታሰር ታያላችሁ፣ ድሮዊንጉንም አስይዛችኋለሁ። ክለቡ ጋ ስማችሁን አስመዝግቡ። አሥር ሰው ብቻ ነው የምወስደው፣ ሄልሜት ያለኝ ለአሥር ሰው ነው።